ፌሮው ከላይ ነው
«ብረቴን አትርገጡብኝ ብያለሁ! ሰው ናችሁ ወይስ በሬ?»

ወልደአማኑኤል ነው። ፌራዮ ነው፤ ፌሮ የሚባለውን የአርማታ ብረት አጣፊና አሳሪ። ሲጮህ ከአዲስ ከተማ ሰፈር እስከ ሐይቁ ይሰማል። ያኔ በደርግ፣ አዋሳ ውስጥ የቀበሌያችን ሱቅ በር ላይ ጥላ እንዲሆን ከግድግዳው ወጣ ያለ ሶሌታ፣ የአርማታ ጣሪያ፣ እየሞላን ነበር። ከስሩ ማን ይቆማል? ካርዷን ይዛ ለስኳርና ለሳሙና የምትሰለፍ ሴት ሁሉ። የሱም ሚስት ሙሉጌጥ አለችበት። የሚጮኸው ለዚህ ነው።

አርማታ በባሬላ የተሸከመ ሁሉ እየረገጠ፣ እሱ ከላይ ያሰረውን ብረት ወደ ታች ያሰምጠዋል። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካፖው ጋሽ ኃይለሚካኤል ግን ደስ ብሎታል። በአፍንጫው ነው የሚያወራው፤ «ተወው ይውረድ! ሃያ ዓመት ሙሉ ፌሮ ከታች ነው ያስቀመጥኩት!»

«እሱማ ሁለት ግድግዳ ላይ ለተኛ ሶሌታ ነው፣ ጋሼ! ይሄ ተንጠልጥሎ ነው የሚቀረው። እስቲ ክንድዎን ይዘርጉ።»

ዘረጋ። አሸዋ የሞላ ባልዲ አንጠለጠለለት።

«የቱ ጋ ወጠረዎት? ከላይ ወይስ ብብትዎ ስር?»

«ባልዲውን አንሳልኝ!»

«መጀመሪያ ይመልሱልኛ! ፌሮም የሚገባው የሚወጠረው ጋ ነው!»

ባልዲውን ጣለው። «ለቀበሌው ሊቀመንበር ባልነግርብህ!» ብሎ ሄደ።

ያኔ ይሄ ቀልድ አይደለም። ወልደአማኑኤል ጴንጤ ነው፤ ቤት ውስጥ ሲጸልይ ተይዞ ሦስት ወር ታስሯል። ሌላ ሰው ቢሆን ጉጠቱን ኪሱ ከቶ ዝም ይላል። እሱ ግን የቀበሌው የውይይት ክበብ ገባና አግዳሚ ወንበሮቹን እያወጣ ደረደራቸው፤ እግራቸው በብረቶቹ መሃል አልፎ ከስር ያለው ሳንቃ ላይ ቆመ።

«በዚህ ላይ ሂዱ! ብረቴን የነካ ግን!»

ሊቀመንበሩ ደረሰ። «ጓድ፣ የክበቡ ወንበር ላይ ሲሚንቶ?»

«ሲሚንቶ በውሃ ይለቃል፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሶሌታው ሰልፈኛ ላይ ከወደቀ፣ እሱ አይለቅም።»

ሊቀመንበሩ ሰልፉን አየ። እናቱም ቆማለች። «በሉ ቶሎ ጨርሱ» ብሎ ሄደ።

ካፖው በገነ። «ሶሌታውን ከስር የያዘው የእንጨት ድጋፍ ሲነሳ ባይጎብጥ! ከጎበጠ ጉጠትህን አስረክበህ አዋሳን ትለቃለህ።»

«ካልጎበጠስ? ሰልፉ ፊት ቆመው ‹ፌሮው ከላይ ነው› ብለው ሦስቴ ይጮሃሉ።»

ተጨባበጡ። ጴንጤ ሲወራረድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ድጋፉ የሚነሳው ግን በካፖው ትእዛዝ ነው። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። ሴቶቹ ዘንቢላቸውን ድጋፉ ላይ እየሰቀሉ ይሰለፋሉ። ወልደአማኑኤል ጠዋት ጠዋት መዶሻውን ይዞ ይመጣና ከሶሌታው ስር፣ ልክ መሃሉ ላይ ይቆማል።

«ዛሬ ነው፣ ጋሼ?»

ካፖው በአፍንጫው፤ «አልደረቀም!»