ታጥቦ የማይለቅ

ጆምሱን ነጭ ሽንኩርት ስትከትፍ እጇን አታይም። ዓይኗ መንገዱ ላይ፣ አፏ ከደንበኛ ጋር፣ ቢላዋው ብቻውን ሥራውን ይሠራል። በጉሬ ከተማ ገበያ ሾርባ ስትሸጥ ጸጉሯ ሸብቷል፤ እጇ ግን አልደከመም። የበሬው አጥንት ቀኑን ሙሉ ይንተከተካል፤ ነጭ ሽንኩርቱ በእፍኝ ይገባል፤ አረንጓዴ ሽንኩርቱ ይነሰነሳል፤ በርበሬው ይከተላል። ለእሷ በነጭ ሽንኩርት የሚሰስት ሾርባ ሻጭና የሰው ኪስ የሚገባ ሌባ አንድ ናቸው።

ባሏ ማንሶክ ከሞተ ወዲህ፣ ልጇ ጊታክም ሥራ ይዞ ርቆ ከሄደ ወዲህ፣ በቤቷ የቀረው ቦክሲል የሚባል ቢጫ ውሻ ነው። ማንሶክ ነበር ቡችላ ሳለ ካፖርቱ ውስጥ ሸሽጎ ያመጣው። ያ ሰውዬ አንድ አመል ነበረው፤ ማዕድ ሲቀርብለት የመጀመሪያዋን ማንኪያ ለራሱ አያነሳም፣ ለውሻው ነው። ጆምሱን “ከሰው በፊት ውሻ! ምን ጉድ ነው?” እያለች እስኪሞት ድረስ ስትጮህበት ኖራለች። እሱ ይስቃል፤ ማንኪያውም ወደ ውሻው ይሄዳል።

ማንሶክ ሲሞት ያቺን ማንኪያ እሷ ወረሰቻት። ከሽያጭ የተረፈውን ሥጋ ለቦክሲል ትሰጠዋለች፤ ግን እንዲሁ አትሰጠውም። በዚያ አገር ለሕፃን ኪምቺ የሚባለው በርበሬ የበዛበት ጎመን ሲሰጥ በርበሬው እንዳያቃጥለው በውሃ እንደሚለቀለቅ ሁሉ፣ እሷም ሥጋውን ቧንቧ ሥር ይዛ፣ ውሃው እስኪጠራ አጥባ፣ ጨምቃ ነው የምታቀርብለት። “የናንተ ውሻ ትራፊ ይበላል፤ የኔው ታጥቦለት ነው” እያለች በሰፈሩ ትኮራ ነበር።

በዚያ መኸር ቦክሲል መሮጥ ተወ። መጀመሪያ ስንፍና መሰላትና ተቆጣችው። ቀጥሎ ደረጃውን መውጣት አቃተው። አንድ ቀን ጠዋት ግድግዳው ሥር ሲሸና አየችና ክው አለች፤ ሽንቱ ጥቁር ቀይ ነበር። ከንፈሩን ገልጣ ብታይ ድዱ ነጥቷል።

የማንሶክ ታላቅ እህት ዎልሶን ወሬውን ሰምታ መጣች። ዎልሶን ለሁሉ ነገር ፍርድ የማይጠፋት ሴት ናት።

“የጊታክ እናት፣ አርጅቷል። ተይው።”

“አላረጀም።”

“ውሻ ነው እኮ!”

“እኔም ድመት ነው አላልኩም” አለቻትና ቦክሲልን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ አትክልት በምትገፋበት ጋሪ ላይ ጭና ወደ እንስሳት ሐኪም ቤት ገፋችው። መንገድ ላይ የሳቀባትም ነበር። ጆሮ አልሰጠችውም።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ደም ወሰደች፣ መረመረች፣ ከዚያ ጠየቀች።

“እማማ፣ ምንድን ነው የሚበላው?”

“ከኔ የተሻለ ነው የሚበላው። የሾርባ ሥጋ፣ ታጥቦ።”

“ሾርባው ነጭ ሽንኩርት አለበት?”

“ታጥቦ አልኩሽ እኮ!”

“ታጥቦ አይለቅም፣ እማማ። ውጪው ይጠራል እንጂ አብሮ ሲበስል ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ነጭ ሽንኩርትም በሉት ሌላው ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ደም ያፈርሳል። ለኛ መድኃኒት የምንለው ለሱ መርዝ ነው። ጨውና በርበሬውም አይበጀውም።”

ጆምሱን ደሟ ፈላ። ሾርባዋን መርዝ ያለ ሰው እስከዚያች ቀን አልተፈጠረም።

“የዚህ አገር ውሻ ሁሉ የሾርባ ትርፍ በልቶ አይደል እንዴ ያደገው? እናቴም ስትሰጥ፣ አያቴም ስትሰጥ!”

“አድገዋል። ስንቶቹ አረጁ?”

ጆምሱን ልትቆጥር ጀመረች። የእናቷ ግቢ ውሾች አንድ በአንድ ትዝ አሏት። አንዱም ሲሸብት አላየችም። ሲከሱ፣ ሲደክሙ፣ ጥግ ይዘው ሲቀሩ “ቀኑ ደርሶ ነው” ይባል ነበር፤ እሷም ብላለች። አሁን ደግሞ ቦክሲልን መረዘች። በገዛ እጇ፣ ያውም እየኮራች!

“ይድናል?” አለች ድምፅዋ ወርዶ።

“ግሉኮስ ሰጥቼዋለሁ። ከበላ ደሙን ራሱ ይተካል። ካልበላ ግን አልዋሽዎትም፣ አይተርፍም። ምንም ቅመም የሌለበት ይስጡት።”

ቤቷ ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው የነጭ ሽንኩርት ማሰሮዋን ከማድቤቷ ማውጣት ነበር። እጇ ስለማይታመን መጋዘን አስገብታ ቆለፈችበት። ከዚያ ዶሮ ቀቀለችለት። ቦክሲል አሸተተና ፊቱን አዞረ። ሩዝ በአሳ ሰጠችው፤ ፊቱን አዞረ። ሐኪሟ የሰጠቻትን የቆርቆሮ የውሻ ምግብ ከፈተች፤ ከሱም ፊቱን አዞረ። ዕድሜውን ሙሉ የእሷን ሾርባ የለመደ አፍ አልጫ ከየት ይወደዋል?

“ትበላለህ!” አለችው መሬት ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ። “አልበላም ካልክ እኔም አልበላም። ማን ቀድሞ እንደሚሸነፍ እናያለን።” እሱ ግን ራሱን በእግሮቹ መካከል አስገብቶ ተኛ፤ እሷም እራት ሳትበላ አለቀሰች።

የማንሶክ የሙት ዓመት የደረሰው በዚህ መሃል ነው። በዕለቱ ጠዋት ጆምሱን ለመታሰቢያ ማዕዱ የበሬ ሥጋና ነጭ ፍጅል የሚባለውን ሥራ ሥር ጣደች፤ እጇም እንደ ልማዷ ነጭ ሽንኩርት ፍለጋ ተዘረጋ። ተዘርግቶም ቀረ። ለካስ የመታሰቢያ ሾርባ ነጭ ሽንኩርትም ሌላ ሽንኩርትም በርበሬም አይገባበትም! ሽታቸው በሙት ዓመቱ ሊበላ የሚመጣውን የሟች መንፈስ ከደጅ ይመልሳል ይባላልና። በየዓመቱ ለባሏ ስትሠራው የኖረችው ምግብ ነው።

ሾርባው ሲፈላ ቦክሲል ከበረንዳው ራሱን ቀና አደረገ።

አየችው። ልቧ ዘለለ። ሊገባበት የቀረው ጨውና ጨዋማው ሶያ ሶስ ብቻ ነው፤ እነሱ ከገቡ ደግሞ ለውሻው አይሆንም። የሱ ድርሻ አሁኑኑ፣ ከሁሉ በፊት፣ ከማንሶክም በፊት መውጣት አለበት ማለት ነው። የመታሰቢያ ምግብ ለሟቹ ሳይቀርብ ልጅ እንኳ አይቀምሰውም። ጭልፋውን አነሳች።

ዎልሶን ፍራፍሬ ይዛ የገባችው ያኔ ነው።

“ምን እየሠራሽ ነው? ወንድሜ ሳይቀምስ? ለውሻ?”

“ለውሻ።”

“አብደሻል! ደጅ ደርሶ ቢመለስስ?”

ጆምሱን ሥጋውን እያቀዘቀዘች ነበር።

“አንቺ አብረሽው አድገሻል፣ እትዬ። ማዕድ ላይ አብሬው የኖርኩት ግን እኔ ነኝ። ማንሶክ ከዚህ ውሻ በፊት አንድ ቀን ጎርሶ ያውቃል?”

 ዎልሶን ወንድሟን ታውቀዋለች። ፍራፍሬውን አስቀምጣ ማጠብ ጀመረች።

ጆምሱን ሳህኑን በረንዳው ላይ አኖረች። ቦክሲል አሸተተ። አንዴ ላሰ። ቆም አለ፤ እሷም ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ በላ፤ ቀስ እያለ፣ ፍጅሉን ሳይቀር፣ ሳህኑ እስኪነጣ።

ፀሐይዋ ስትጠልቅ ማዕዱ ተዘረጋ፤ ሾርባው ጨውና ሶሱ ገብቶበት ከሩዙ አጠገብ ቀረበ። ዎልሶን ሻማ አበራች። ጆምሱን እንደ ወጉ ለእንግዳው፣ ለማንሶክ መንፈስ፣ በሩን ከፈተች፤ ደፉ ላይ ቦክሲል ተጋድሟል፣ እንዲነሳም አላደረገችው።

“ግባ” አለች ወደ ውጭ እያየች። “ውሻህ በልቷል። አሁን አንተ ብላ።”