ኤኖክን መግደል

ክሊፎርድ ዊተም ዕድሜውን ሙሉ ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ከበርንሊ አክሪንግተን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በማግስቱ ባላባት ሆነ። የሾመው ንጉሥ አይደለም፤ የልደት ማውጫ ነው። መንግሥት በቪክቶሪያ ዘመን የተወለደውን ሕፃን ሁሉ በስም፣ በወረዳና በሩብ ዓመት ደርድሮ ያስቀመጠው፣ ዛሬ ማንም ሥራ የፈታ ሰው ሻዩን እየማገ ከቤቱ ሆኖ የሚበረብረው ያ ዝርዝር። ድሮ ባላባት ለመሆን ጦር ሜዳ መዋል ወይም ደጅ መጥናት ያስፈልግ ነበር። አሁን ኮምፒውተርና መነጽር ይበቃል።

ብቻውንም አልነበረም። ማክሰኞ ማክሰኞ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የሚሰበሰበው የዘር ቆጣሪዎች ማኅበር ውስጥ ተራ ሰው የወለደው አባል አይገኝም። ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ስድስቱ ሸማኔና የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ይሆኑና፣ ሰባተኛው ምንጊዜም ከርስቱ የተነቀለ የጌታ ልጅ ነው። በዚህ ሸለቆ ውስጥ ሠርቶ አደሩ ሁሉ ዘር ሳይተካ አልቆ፣ ሲወልዱ የኖሩት በዝባዦቹ ብቻ ይመስላል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች የተባለው ለእነሱ ነው።

የክሊፎርድ ፈረስ ጄምስ ሃርግሪቭስ ይባላል። የጥጥ ፋብሪካ ነበረው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሕፃናት ጣት በማሽን ሲያስቆርጥ ሰንብቶ፣ እሑድ ራሱ ባሠራው ጸሎት ቤት ስለ ትሕትና ይሰብክ ነበር። አሁን በዚያው ጸሎት ቤት ግቢ፣ ከነቤተሰቡ፣ የአውቶቡስ ማቆሚያ በሚያክል የእብነ በረድ መቃብር ውስጥ ተኝቷል። ትሕትናው እዚያ ድረስ ተከትሎታል።

ነገሩ የጉራ ብቻ ቢሆን ማንንም ባልጎዳ። ግን በክሊፎርድ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከክረምት ጫማዎቹ አጠገብ፣ የተቃጠለው የእናቱ አስከሬን አመድ በዕቃ ተቀምጧል። እናቱ ኔሊ ባለፈው ክረምት ስትሞት ኑዛዜዋ አጭር ነበር፦ «ከአያቴ ከኤኖክ ጋር አኑሩኝ።» አባቷ የከሰል ጉድጓድ ተደርምሶበት ሲሞት ያሳደጋት ኤኖክ ሃርግሪቭስ ነው። እሱ ሲቀበር ልጅ ነበረችና ወደ መቃብር አልወሰዷትም፤ ወዲያው እናቷ ይዛት ወደ ብላክበርን ሄደች። ስለዚህ ኤኖክ በርንሊ መቀበሩን እንጂ የት እንደተቀበረ ሳታውቅ ሞተች። ማወቁ ለልጇ ቀረ። ልጇም ማውጫውን ከፈተ።

ማውጫው ውስጥ አንድ ኤኖክ ሃርግሪቭስ አገኘ፦ በርንሊ፣ 1871። አጠገቡ የሕፃኑ እናት ከማግባቷ በፊት የነበራት የቤተሰብ ስም ተጽፏል፦ አሽዎርዝ። የፋብሪካው ጌታ ሚስትም የአሽዎርዝ ልጅ ነበረች። ክሊፎርድ ያን ዕለት ምሳ አልበላም። በሳምንቱ የጄምስ ሃርግሪቭስ ጢም የታተመባቸው የሻይ ኩባያዎች አሠራ፤ በወሩ የጸሎት ቤቱን ሽማግሌዎች አሳምኖ እናቱን እብነ በረዱ ሥር ለማስገባት ቅዳሜ አስቀጠረ።

እህቱ ጆይስ ጥሪውን ስትሰማ ካፖርቷን ሳታወልቅ ማዕድ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠች።

«ክሊፍ፣ እዚያ መቃብር ላይ የኤኖክ ስም የታለ?»

«አልተጻፈም። አባቱ ክዶታል። የሸማኔ ልጅ ስላገባ።»

«ከካደው ለምን እዚያ ይቀብረዋል?»

«ኋላ ታረቁ።»

«ከታረቁ ለምን ስሙን አይጽፍም?»

«ጆይስ፣ አንቺ ታሪክ አልተማርሽም።»

«አንተስ የት ተማርከው፣ ቀይ መብራት ላይ?» ቦርሳዋን ከፍታ የኤኖክን የጋብቻ ወረቀት ግልባጭ አወጣች። «ይኸው፣ ስትሰጠኝ አንብቤዋለሁ። የአባት ስም ጄምስ ሃርግሪቭስ፣ ሥራ ሸማኔ። ፋብሪካ ያለው ሰው ሸማኔ ይባላል?»

«በትሕትና ነዋ።»

«እማማ ከአያቴ ጋር ነው ያለችው፣ ከሀብታም ጋር አላለችም። ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ብትቆልፍባት ይቅር አልልህም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ክሊፎርድ ደግሞ ሁለቱንም ነበር። ማክሰኞ ወደ ማኅበሩ ሄዶ ግብዣውን ለአባላቱ አደለ። ሁሉም እንኳን ደስ አለህ አሉት፤ ነገ የእነሱም ተረት ማጨብጨቢያ ይፈልጋላ። ያላጨበጨበችው በርል ስታንስፊልድ ብቻ ነች። በርል የሴቶች ትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ሆና ጡረታ የወጣች ነች፤ ዛሬም ገና ስትገባ የከተማው አሮጊት ሁሉ ቀሚሱን ወደ ጉልበቱ ይጎትታል። ግብዣውን ከዳር እስከ ዳር አነበበችና፦

«ገደልከው?» አለችው።

«ማንን፣ እትዬ በርል?»

«ኤኖክን ነዋ።»

«ሰውየው ቅድመ አያቴ ነው።»

«ቅድመ አያትህ ከሆነ አይሞትልህም። ስማ ልጄ፣ ማውጫው መወለዱን ነግሮሃል። ማደጉን ማን ነገረህ? ያን ጊዜ በዚህ ከተማ ሳይድህ የሚቀበረው ሕፃን ከሚድኸው አያንስም ነበር። አንድን ሰው አያቴ ከማለትህ በፊት የሞት ማውጫውን ክፈትና ልትገድለው ሞክር። አልሞት ካለ ያንተ ነው።»

«እርስዎስ ቅድመ አያቴ ነው ሲሉት የነበረውን ባሮን ገድለውታል?»

«በሁለት ዓመቱ ሞተብኝ። አሁን የበግ ሌባ ዘር ነኝ። እንቅልፌ ተስተካከለ።»

ክሊፎርድ ሳቀ፤ ግን ብስኩቱን ሳይጨርስ ተነሣ። ዝናቡን በእግሩ እያቋረጠ ሲሄድ የመግደሉን ነገር ለምን እስከ ዛሬ እንዳላሰበው ለራሱ አስረዳ፦ ሥራ ስለበዛበት ነው፣ ማውጫው ስለሚያስቸግር ነው፣ ደግሞም ጨዋ ሰው ቅድመ አያቱን አይጠረጥርም። አውቶቡሱን ሳይፈትሽ አንድም ቀን ከማቆሚያው ያልወጣ ሰው ነው። የጎማውን አየር፣ የፍሬኑን ዘይት፣ መብራቱን አንድ በአንድ። ዘሩን ግን ገፍቶ አስነሥቶ ቁልቁለት ለቀቀው።

ቤት ሲደርስ ጆይስ ዘንድ ደወለ። «ነይና እዪ» አላት፤ «እንደማይሞት በዓይንሽ አረጋግጪ።» ጆይስ የሥጋ ፓይና የተፈጨ አተር ይዛ መጣች። ፓዩ ሳይቀዘቅዝ ኤኖክ ሞተ።

ማውጫው ላይ እንዲህ ይላል፦ ኤኖክ ሃርግሪቭስ፣ በርንሊ፣ 1872፣ ዕድሜ ዜሮ። ዓመት ያልሞላውን ሕፃን እንደዚያ ነው የሚጽፉት። የመንግሥት ጸሐፊ ለቅሶ አያውቅም።

«የሌላ ሰው ልጅ ይሆናል» አለ ክሊፎርድ።

«ይሆናል። ወረቀቱን እዘዝ።»

አዘዘ። ግልባጩ ወዲያው ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፈት «የጄምስ ሃርግሪቭስ፣ የጥጥ ፋብሪካ ባለቤት፣ ልጅ» ይላል፤ የሞተው በኩፍኝ ነው። ከርስቱ የተነቀለው፣ ለፍቅር ሲል እብነ በረዱን የናቀው ጀግና ጥርስ አላበቀለም ነበር።

ክሊፎርድ አሁንም እጁን አልሰጠም። እንግሊዞች ያን ጊዜ አንድ ልማድ ነበራቸው፦ ልጅ ሲሞት ስሙን አይቀብሩትም፤ አጥበው ለተከታዩ ያለብሱታል። በአንድ ቤት ሦስት ዊልያም ተወልዶ አንዱ ብቻ የሚያድግበት ጊዜ ነበር። «ሁለተኛ ኤኖክ ወልደዋል ማለት ነው» አለና በሃርግሪቭስ ስም፣ አሽዎርዝ ከተባለች እናት የተመዘገበውን ሁሉ ማበጠር ያዘ። ሁለት ሴቶችና አንድ ፐርሲቫል ወጡ። ከፐርሲቫል ኤኖክ አይጠመዘዝም፤ ሞክሮት ነበር።

«ይሄስ?» አለች ጆይስ፣ በጣቷ የኮምፒውተሩን መስኮት እየነካች።

እዚያው የልደት ማውጫ ውስጥ፣ 1872፣ በርንሊ፣ ሌላ ኤኖክ ሃርግሪቭስ ነበር። የእናቱ ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ ተሰምሯል።

«እሱን አይቼዋለሁ። መረጃው ጎዶሎ ነው፤ አይጠቅምም።»

«ክሊፍ።»

«ጎዶሎ ነው አልኩሽ።»

«የማኅበራችሁን አባል፣ የኤልሲን አያት ሰረዝ ለሁሉም ስታነብ ምን ነበር ያልከው?»

ክሊፎርድ ያለውን አይረሳውም። ባል የሌላት ሴት ስትወልድ ልጁን በራሷ ስም ታስመዘግባለች፤ ሌላ የሚጻፍ ስም ስለሌለ ሰረዝ ይሆናል ብሎ ነበር፤ ከዚያ የሳቀው እሱ ነው። የሌላ ሰው ሰረዝ ሲሆን ትርጉሙን አሳምሮ ያውቀዋል።

ይህንን ኤኖክ ሊገድለው ሞከረ፤ በአንድ ዓመት፣ በአምስት፣ በሃያ። ሰውየው አልሞት አለ። የሞተው በ1938 ነው፤ ኔሊ ነፍስ ያወቀች ልጅ ሆና። የልደት ወረቀቱን አስመጡ፦ እናት ቤቲ ሃርግሪቭስ፣ ሸማኔ፤ የአባት ቦታ ባዶ። የ1881ን የሕዝብ ቆጠራም አወጡ፦ የቤቱ አባወራ ጄምስ ሃርግሪቭስ፣ ሸማኔ፤ ልጁ ቤቲ፤ የልጅ ልጁ ኤኖክ።

«ታዲያ ጋብቻው ላይ ለምን ጄምስን አባቴ ብሎ አጻፈ?» አለ ክሊፎርድ። ድምፁ የባላባት አልነበረም።

«ቄሱ ፊት ሙሽራዋን አስቁሞ አባት የለኝም ይበል? ያሳደገውን ሰው ነው የጠራው።»

«ዋሸ ማለት ነው።»

«እማማ ኤኖክን ምን ብላ ነበር የምትጠራው?»

ክሊፎርድ መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ወለወለው። «አባዬ» አለ።

ዓርብ ጠዋት ለጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ደውሎ ቅዳሜን አፈረሰ። ምክንያቱን ሲጠይቁት «የተሳሳተ ሬሳ ይዘን ነው» አላቸው፤ ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ማክሰኞ ማኅበሩ ፊት ግን ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፦ ሰረዙን፣ ቤቲን፣ ባዶውን ቦታ። የባሮንና የመስፍን ዘሮች ወለሉን ያጠኑ ጀመር፤ በሽታው እንዳይጋባባቸው ፈርተው። በርል የብስኩቱን ሳህን ወደ እሱ ገፋችለት።

የመቃብር ስፍራው መዝገብ ኤኖክን በቀላሉ ሰጣቸው። ወትሮም እዚያ ነበር፤ ክሊፎርድ «የዚህ አገር ሃርግሪቭስ እንደ ጠጠር ነው፣ ሌላ ሰው ይሆናል» ብሎ ያለፈው እሱን ነው። የተቀበረው በጋራ ጉድጓድ ነው፤ ከማያውቃቸው ድሆች ጋር ተደራርቦ፣ ድንጋይ የሌለበት ሣር ሥር። ጆይስ አመዱን እዚያ ለማኖር ስትጠይቅ የቢሮዋ ሴትዮ በጣም አዝና መለሰችላት፦ በጋራ መቃብር ላይ ማንም መብት የለውም፣ ሌላ ሰው መጨመር በደንቡ አይፈቀድም። የእብነ በረዱ ጌታ ሲፈልግ ዘመዱን ሁሉ ያስገባል፤ ድሃ ሞቶም ጎረቤት አይመርጥም።

«እና ምን እናድርግ?» አለ ክሊፎርድ ውጪ ሲወጡ። ስንት ዓመት በነዳበት መሥመር አንድም ደንብ አልጣሰም።

«መኮትኮቻ አለህ?»

እሑድ ከምሳ በኋላ ሄዱ። ክሊፎርድ ከረባት አስሯል። እናቱን በገበያ ከረጢት ይዟታል፤ ጆይስ መኮትኮቻውንና ለማስመሰያ የገዛችውን የአበባ ሥር ይዛለች። በመዝገቡ ካርታ ላይ ቆጥረው ቦታውን አገኙት። ተንበርክኮ ሣሩን በጥንቃቄ ገልጦ መቆፈር ጀመረ፤ ጆይስ ዣንጥላ ዘርግታ ከመንገዱ ትጋርደዋለች።

የግቢው ጠባቂ ጋሪውን እየገፋ ከኋላቸው መጣ።

«ደህና ዋላችሁ። ምን እየተከላችሁ ነው?»

ጆይስ ከረጢቱን ወደ እግሯ ሳበችና «አበ…» ብላ ጀመረች።

«እናታችንን» አለ ክሊፎርድ። ቀና አላለም። «አያቷ እዚህ ነው። አረጋግጠናል።»

ጠባቂው ጉድጓዱን አየ፣ ከረባቱን አየ፣ ወደ ቢሮው አቅጣጫም አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየ።

«ጥልቅ አድርጉት» አላቸው። «ቀበሮ ያወጣዋል።»

ጋሪውን እየገፋ ሄደ። ክሊፎርድ ኮቱን አውልቆ ለእህቱ አቀበላትና፣ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ እስከ ክርኑ ድረስ ቆፈረ።