የሽያጭ ኃላፊዋ እናቴ

ከቴሌቪዥን ያ የተቀዳ የሰው ሳቅ ሲያስተጋባ በሰማሁ ቁጥር፣ ሸዋ ሮቢት አውቶቡሶች ለምሳ በሚቆሙበት ሆቴል በር ላይ የፓፓያ ሳፋዋን ይዛ የቆመችው እናቴ ትዝ ትለኛለች። በሆቴሉ ቴሌቪዥን የሚታየው ተከታታይ ፊልም ስለ አንድ ቢሮ ሠራተኞች የሚያወራ ኮሜዲ ሆኖ፣ የአለቃዋን ወንበር ካልያዝኩ የምትል አንዲት ሻጭ ነበረችበት፤ እሷ ብቅ ስትል ሆቴሉ በሳቅ ይናጋ ነበር። እናቴ ግን ፈገግ አትልም ነበር።

«ምኑ ነው የሚያስቀው? ወላሂ፣ ሴትዮዋ ልክ ናት!» ትል ነበር።

ያን ክረምት አንድ ነገር ተመኘች፤ ከአውቶቡስ መስኮት ወደ መስኮት መሯሯጡን ትታ የሆቴሉ ጭማቂ ቤት ቋሚ ፓፓያ አቅራቢ መሆን። የተከታታዩ ሻጭ ለደንበኞቿ ካርድ ስታድል አይታ፣ እኔን የደብተር ሽፋን አስቆርጣ «ዘሐራ፣ የሽያጭ ኃላፊ» የሚል ከነስልኳ አስጻፈችኝ። ባለ ሆቴሉ ጋሼ ይመር ካርዱን አንብበው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«አንድ ሠራተኛ የለሽ፣ የማን ኃላፊ ነሽ?»

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

በጋው ሲገባ፣ ፀሐይ እንዳያበሰብስባት ፓፓያውን በእርጥብ ጆንያ እየሸፈነች፣ በየአውቶቡሱ መስኮት ከፍሬው ጋር ካርድ ታቀብል ነበር፤ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ ጣቴ እስኪደነዝዝ ስጽፍ አመሽ ነበር። ይጥሉታል ብዬ ነበር። ከደሴ ሲመለሱ ለምሳ የሚወርዱት መንገደኞች ግን ካርዱን ለአስተናጋጁ እያሳዩ «የዚህችን ሴትዮ ፓፓያ አምጣልን» ማለት ጀመሩ።

ግንቦት ላይ ጋሼ ይመር አስጠሯት። ገና ሲያዩዋት ሳቃቸው አመለጣቸው። እናቴ ሳፋዋን አውርዳ፣ ላቧን ጠርጋ፣ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

«ስቀው ጨረሱ፣ ጋሼ? እንግዲያው ስለ ፓፓያው እናውራ።»

በማግስቱ ፓፓያው ለሆቴሉ በጋሪ ተጭኖ ገባ። እንዴት ኮርቼባት ነበር!

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የእውነት የሽያጭ ኃላፊ ነኝ፤ ካርዴ ያብረቀርቃል፣ የማዛቸው ሰዎችም አሉኝ፤ ወኔው ግን ከደብተር ሽፋኑ ካርድ ጋር እዚያው የቀረ ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ያቀረብኩትን ዕቅድ ሰምተው አለቆቼ ሲስቁብኝ፣ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ደውዬ ነገርኳት።

«ስቀው ጨረሱ?» አለችኝ።

«መሰለኝ፣ እማዬ።»

«ታዲያ እኔን ምን ታናግሪኛለሽ? ግቢና ሽጪ!»