ከመርከብ የመውረጃው መንገድ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእህቴ አልነገርኩም፣ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ሐዘን ቤት ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ላለቀሰችው ልጅማ ጭራሽ አልነገርኳትም። ስናገር ድምፄ የማይርድ ሰው ነኝ። ያወቅሁትን በሙሉ ልብ ነው የምናገረው፤ ጥፋቴንም እንደዚያው አድርጌ ልናገር ነው።

ጥፋቴ ይህ ነው፦ አንዲት ልጅ እናቷን በሕይወት ልታይ የምትችልበት መንገድ ነበር። መንገዱን አውቀው ነበር። ጠየቀችኝ። እኔ መንገድ የለም ብዬ ጻፍኩላት።

ሰብለ እባላለሁ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ጁባ ከገባሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። ንያኩሮን አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል የክፍል ጽዳት ኃላፊ ነኝ። ሠራተኞቹ ግን በስሜ አይጠሩኝም፣ ካፒቴን ነው የሚሉኝ። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ላይ ሠርቻለሁና ስለዚያ መርከብ ማውራት አይደክመኝም። ቅጽል ስሙን ወድጄዋለሁ፤ አልዋሽም።

መርከብ ሲባል የጣና ጀልባ በዓይናችሁ እንዳይመጣ። አሥራ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ከነሰዉ ተነሥቶ ባሕር ላይ ሲሄድ አስቡ። ውስጡ ጎዳና አለ፣ ሱቅ አለ፣ ቲያትር ቤት አለ፣ አናቱ ላይ መዋኛ አለ። ኮሪደሩ ከመርዘሙ የተነሣ እንግዳ ይጠፋበታል። እኔ በነበርኩበት መርከብ ምንጣፉ ላይ ዓሣዎች ተሥለው ነበር፤ ሁሉም ወደ መርከቡ ፊት ነው የሚዋኙት፣ የጠፋ ሰው ዓሣውን አይቶ አቅጣጫውን ያውቃል። መርከቡ ከመነሣቱ በፊት እንግዳው ሁሉ የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያውን እንዲያውቅ ይደረጋል፤ ሚሊየነር ቢሆንም አይቀርለትም። ምግብ ቤት በር ላይ እጅህን ታጠብ የሚል ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ማዕበል ሲመጣና ሆድ ሲገለበጥ መድኃኒቱ አረንጓዴ ፖምና ደረቅ ብስኩት ነው። ይህን ሁሉ እንግዳው ያየዋል። የማያየው ከውኃው በታች ያለውን ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቀውን የሠራተኞች ኮሪደር፣ መስኮት የሌለውን ክፍል፣ ተደራራቢውን አልጋ። እዚያ ቤትህ የምትለው ከአልጋህ ፊት የምትጋርዳትን መጋረጃ ነው። ስምንት ወር፣ በሳምንት ሰባት ቀን፣ ያለ አንድ ቀን ዕረፍት። አሥራ ስድስት ክፍል በቀን ሁለት ጊዜ አጸዳለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ፤ ማታ ፎጣ አጣጥፌ ዝሆን እሠራና መነጽር አድርጌለት አልጋው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ልጆች ዝሆኑን ሲያዩ ይጮኻሉ።

ይህን ሁሉ ሳልሸፍን ነበር የምናገረው። ውሸቴ አንድ ብቻ ነበረች። ኮንትራቴን ጨርሼ በክብር ወረድኩ እል ነበር። አልጨረስኩም። በአራተኛው ወር ግድግዳው ደረቴ ላይ የወደቀ መሰለኝ፤ የሠራተኞች ጉዳይ ቢሮ ገባሁና አባቴ ሞተ አልኩ። የአጎቴ ልጅ የላከልኝን የውሸት ወረቀትም አሳየሁ። የቢሮዋ ሴትዮ ተነሥታ አቀፈችኝ። መርከቡ በሚቀጥለው ወደብ ሲቆም ከመሰላሉ ሥር መኪና ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ደብረ ብርሃን ደረስኩ። በሩን የከፈተልኝ አባቴ ነው። ዛሬም በሕይወት አለ፣ ዕድሜ ይስጠው።

እንግዲህ መንገዱን የማውቀው እንዲህ ነው። የቅርብ ቤተሰብ ሲሞት ብቻ አይደለም፣ በጠና ሲታመምም ያወርዳሉ፤ ሴትዮዋ ራሷ ናት የነገረችኝ። የሐኪም ወረቀት፣ አንድ ቅጽ፣ የሚቀጥለው ወደብ። በቃ።

ኛማል ሆቴላችን ውስጥ ከእኔ ሥር ትሠራ ነበር። የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ግን በስደት አዲስ አበባ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል፣ ስትቀልድም ስትናደድም በአማርኛ ነው። ከእናቷ ከማማ ሮዛ ጋር ሙኑኪ ሰፈር ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ማማ ሮዛ በረንዳ ላይ በስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ከኛማል ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

ለመርከብ ሥራ ያበረታኋት እኔ ነኝ። ናይሮቢ ያለ ሠራተኛ መልማይ ሲቀበላት ከእሷ ይልቅ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ አንሶላ ክፍላችን ውስጥ አሠለጠንኳት። አልጋ በስንት ደቂቃ እንደሚነጠፍ፣ ዝሆኑ እንዴት እንደሚቆም፣ እንግዳ ሲቆጣ እንዴት ፈገግ እንደሚባል፣ ሁሉንም። ከእሷ በኋላ ሌሎች አራት ልጆች ተራ ይጠብቁ ነበር። ኛማል የመጀመሪያዋ ናት፤ እሷ ከተሳካላት ካፒቴንነቴ በማስረጃ ይጸናል። እንዲህ ነበር የማስበው።

ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት ማማ ሮዛ ሆቴሉ ድረስ መጡ። “ኢታ ክዌስ፣ ልጄ?” ብለው ሰላም ካሉኝ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ብታመም ትደርስልኛለች ወይ አሉኝ። እኔ እያለሁ ምን አሳሰበዎት አልኳቸው። ይህ ለጥያቄያቸው መልስ አልነበረም፤ እሳቸው ግን እንደ መልስ ቆጥረውት ሄዱ።

ኛማል ሄደች። የማማ ሮዛ ስልክ ኢንተርኔት የማይዝ አሮጌ ነበር፣ ፊደልም አልቆጠሩም፤ ስለዚህ የልጅቱ መልእክት የሚመጣው በእኔ ስልክ ነው። በየሁለት ቀኑ ሙኑኪ እየሄድኩ አነብላቸዋለሁ፣ የሚሉኝን እጽፋለሁ። ስለ ፎጣው ዝሆን የምትጽፈውን ሲሰሙ በሣቅ ይፈርሱ ነበር።

አራተኛው ወር ላይ ኩላሊታቸው ታመመ። ሐኪሙ ለወንድማቸው ለጋትሉዋክ ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው ነገረው፤ ጋትሉዋክ ነገረኝ። እኔም ለኛማል እናትሽ ትንሽ አሟቸዋል ብዬ ጻፍኩ። ልጅ ናትና ከትንሹ ውስጥ ትልቁን አየችው። በማግስቱ አንሶላ ስቆጥር መልእክቷ ገባ፦

“እትዬ ሰብለ፣ መርከቡን ታውቂዋለሽ። መውረጃ መንገድ ካለ ንገሪኝ። ነገ ብትይኝ ነገ እወርዳለሁ።”

አንሶላውን አስቀመጥኩ። ስልኩን እንደያዝኩ ስንት ደቂቃ ቆምኩ? መልሱን ፍለጋ አልነበረም የቆምኩት፤ መልሱን አውቀዋለሁ። መንገድ አለ ብላት እንዴት አወቅሽ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ከወረደች የካፒቴን ተማሪ ግማሽ መንገድ ላይ ተመለሰች ይባላል ብዬ ፈራሁ። ያንን ቢሮ፣ ያችን ያቀፈችኝን ሴትዮ፣ ያንን የውሸት ወረቀት እንደገና የሚነካ ሰው እንዳይኖር ፈለግሁ። አንዲት እናት በሞት አፋፍ ላይ ሆና እኔ ስለ ስሜ አሰብኩ።

መንገድ የለም ብዬ ጻፍኩ። አልበቃኝም። ቢሮ ሄደሽ ብትጠይቂ ስምሽ ይበላሻል፣ ሁለተኛ አይወስዱሽም፣ እናትሽም እየተሻላቸው ነው፣ ዝም ብለሽ ሥሪ አልኳት። እሺ እትዬ አለችኝ። ምን ትበል? መርከቡን የማውቀው እኔ ነኝ።

ማማ ሮዛ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ኖሩ። ሦስት ሳምንት! በሦስት ቀን የሚደረስበትን ቦታ። በሄድኩ ቁጥር ተነሥታለች ወይ ይሉኛል፤ እኔም መርከቡ ባሕር መካከል ነው፣ ወደብ ሲደርስ እላቸዋለሁ። ወደብ በየሁለት ቀኑ ይደርስ ነበር። የመጨረሻው ቀን እጄን ይዘው በእኔ እጅ የኛማልን እጅ ዳሰሱ፤ ስሟን እየጠሩ ነበር የዳሰሱኝ። እጄን አልሳብኩም። እኔ ነኝ ሰብለ ነኝ አላልኩም። የልጅቱን ቦታ ወስጄ የእሷን ስንብት ተቀበልኩ።

ከቀብር መልስ ጋትሉዋክ ለኛማል ዛሬውኑ ይነገራት አለ። እኔ ብሆን ዛሬ ብሰማ ነው የምመርጠው አለ። ያኔ ወጋችንን መዝዤ አወጣሁ። መርዶ ለሩቅ ሰው በስልክ አይነገርም፣ ብቻዋን ባሕር ላይ እንዴት ትስማው፣ ስትመጣ ሰው ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ይነገራታል አልኩ። ሰዎቹ ኢትዮጵያ የኖሩ ናቸውና ወጉን ያውቁታል። ጋትሉዋክ ትንሽ አንገራገረና “መርከቡን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እንዳልሽ ይሁን” አለኝ።

ወጉ መልካም ወግ ነው፤ ብቻውን ያለ ሰው በሐዘን እንዳይሰበር የተሠራ ነው። እኔ ግን የተሸሸግሁበት ለእሷ አስቤ አይደለም። መርዶውን ቢሮ ይዛ ብትሄድ ያወርዷታል፤ ካወረዷት ደግሞ ቀድሞም መንገድ እንደነበረ ታውቃለች። ሦስት ወር ሙሉ እናትሽ ዘመድ ጥየቃ ገጠር ሄደዋል፣ ኔትወርክ የለም እያልኩ ጻፍኩ። የሞተችን ሴት ሰላምታ በእጄ እየጻፍኩ ላክሁ። ይህ እጅ ነው የጻፈው፤ አሁን ይህን የሚጽፈው።

ኛማል ኮንትራቷን ጨርሳ መጣች። ለእናቷ ሰማያዊ ሹራብ ይዛ ነበር። ኮር ዊሊያም ሰፈር፣ አጎቷ ጋትሉዋክ ቤት አሳደርናት፤ እናትሽ መንገድ ላይ ናቸው አልናት። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹና ጎረቤቶቹ ገቡ። ስታያቸው ገባት፤ ማንም አፉን ሳይከፍት ጮኸች።

ሐዘኑ ሲበርድ እኔን ፈልጋ መጣች። “ብቻዬን ባሕር ላይ ብሰማው እሞት ነበር” አለችኝ። “ያተረፍሽኝ አንቺ ነሽ።” ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። አነሣኋትና አቀፍኳት። ከበደሌ ሁሉ ይቺ ምስጋና ትበላኛለች። የሰረቅኋት ልጅ ራሷ አመስግናኛለችና።

ኛማል ወደ መርከብ አልተመለሰችም። አሁን ሁለታችን ቅዳሜ ቅዳሜ በሆቴሉ ጀርባ በረንዳ ላይ ለመርከብ የተመለመሉ ልጆችን እናሠለጥናለን። ጥሩ አስተማሪ ናት፤ ከእኔ ትበልጣለች። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ልጅ ደብተሯን ይዛ ጠየቀች፣ ባሕር ላይ ሆኜ እናቴ በጠና ብትታመምስ አለች። እኔ ሳልተነፍስ ኛማል መለሰች።

“መንገድ የለም” አለቻት። “እኔም ጠይቄ ነበር። ልብሽን አጽንተሽ ሂጂ፤ ቢሮ ሄደሽም ስምሽን አታበላሺ።”

የእኔን ውሸት፣ ቃል በቃል፣ በእናቷ ሞት አጽንታ ለሌላ ሰው ልጅ ሰጠቻት። ልጅቷ አቀርቅራ ጻፈችው። እኔ ካፒቴን ተብዬዋ ተነሣሁ። መንገድ አለ አልኩ፤ የሐኪም ወረቀቱን፣ ቅጹን፣ የሚቀጥለውን ወደብ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኛማል ዞራ አየችኝ።

“መቼ ነው እንዲህ የሆነው?” አለችኝ።

ያኔ እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። በቅርቡ ነው፣ ደንቡ ተቀይሯል አልኩ።

የኛማል ፊት በራ፤ በእውነት ደስ ብሏት ነው፣ ይህን ማስመሰል አይቻልም። “ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ለእኔ አልደረሰልኝም” አለችና ወደ ልጆቹ ዞረች። “እናንተ ዕድለኞች ናችሁ። የነገርኳችሁን ሰርዙና ይህን ጻፉ።”

ስለ ድካሜ፣ ስለ መስኮት አልባው ክፍል፣ ስለ ፍርሃቴ ላወራችሁ እችል ነበር። አላመካኝም። ያንን ክፍል እሷም ኖራበታለች፤ እሷ ግን ማንንም አልገደለችበትም።

ኛማል፣ ይህን ወረቀት ከማንም በፊት በእጅሽ እሰጥሻለሁ፣ አንብበሽ እስክትጨርሺ ከፊትሽ አልንቀሳቀስም። ደንቡ አልተቀየረም። አንቺ በጠየቅሽኝ ቀንም ይኸው ነበር። እናትሽ ሦስት ሳምንት ጠብቀውሽ ነበር፤ ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ።