ምኑ ነህ?

ሐበሻ ለመሸሽ ብዬ እዚሁ አሜሪካ ያለችው አሌክሳንድሪያ ድረስ የነዳሁ ሞኝ እኔ ነኝ። ባለቤቴ ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ሊደረግ ነበር። እኛ የምንኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ዞር ባልኩበት ሁሉ የሚያውቀኝ ሰው ያለ ስለሚመስለኝ፣ “ወንዙን እንሻገር፣ እዚያ ማንም አያውቀንም” ብዬ አሳመንኩት። እሱ ለሰው ወሬ ደንታም የለው። የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ማደንዘዣ እንደ ጦር ይፈራል። “ስነቃ ብቻዬን እንዳልሆን። መጀመሪያ የማየው አንተን ይሁን” አለኝ። ማልኩለት።

ሁለት ወንዶች ነን። ሮክቪል ፍርድ ቤት ተፈራርመን ከተጋባን አምስት ዓመት ሆኖናል። በእንግሊዝኛ ምንም ችግር የለብኝም። መሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ ላይ ሳስገባው፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ “ኮንግራጁሌሽንስ” ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በአማርኛ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። “ባለቤቴ” የሚለው ቃል ወንድም ሴትም ይሆናል፤ ቀጥሎ የሚመጣው “መጣ” ወይም “መጣች” ነው የሚያጋልጠኝ። ስለዚህ አንቱታን መደበቂያ አደረግኳት። “ባለቤቴን ትንሽ አሟቸዋል”፣ “ባለቤቴ እየጠበቁኝ ነው” እላለሁ። አስፐን ሂል የሚኖር አንድ የሥራ ባልደረባዬ “ሚስትህን አንቱ ትላታለህ? አንተ ሰውዬ የማን ዘመን ሰው ነህ?” እያለ ይስቅብኛል። አብሬው እስቃለሁ። ሌላ ጥያቄ እንዳያስከትል ግን ምሳዬን መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ነው የምበላው።

የኦፕራሲዮኑ ቀን፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ለተቀመጠችው አሜሪካዊት ባሉ መሆኔን በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ባጅ ሰጠችኝ፣ አለቀ። ሁለት ሰዓት ያህል ከጠበቅሁ በኋላ በሩ ተከፈተና አንዲት ነርስ ወጣች። አንገቷ ላይ ማተብ አየሁ። እሷም መልኬን አየችና ፊቷ በራ።

“ውይ፣ ሐበሻ ነህ! እንኳን ደስ ያለህ፣ ሰርጀሪው በደንብ አልቋል። ምኑ ነህ?”

“ወንድሙ” አልኳት። አፌ ቀደመኝ።

“እግዜር ይማርልህ። ሊነቃ ሲል እጠራሃለሁ” ብላ ገባች።

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ሕጉ ከእኔ ጋር ነው፣ የተሞላው ፎርም ከእኔ ጋር ነው፤ አንዲት የአገሬ ሴት ስቃ ስላየችኝ ብቻ ባሌን ካድኩት። ተነሥቼ ልከተላት አሰብኩ፤ አልተነሣሁም። በራሴ ተናደድኩ። ምንም ባላደረገችኝ በእሷም ተናደድኩ።

ተመልሳ ስትመጣ ፈገግታዋ አልጠፋም። “እየነቃ ነው። ወንድምህ ውጪ እየጠበቀህ ነው ብለው፣ ወንድም የለኝም አይለኝ መሰለህ!” ብላ ሳቀች። “መድኃኒቱ ገና አልለቀቀውም። ባለቤቴን ጥሩልኝ ነው የሚለው። ሪከቨሪ ሩም እንዲገባ አንድ ሰው ብቻ ነው አላው የምናደርገው፤ ቦታውን ለእሷ ብንተውላት ይሻላል። እስቲ ኮል አድርግላት።”

ስልኬን አወጣሁ። ራቅ ብዬ ሄጄ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ማንም ጋ አልደወልኩም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እንደዚያን ሰዓት ብቸኛ ሆኜ አላውቅም፤ ለዚያውም በገዛ እጄ።

“እየመጣች ነው?” አለችኝ።

“እየመጡ ነው” ልላት አፌን ከፈትኩ። ከበሩ ወዲያ ግን የማልኩለት ሰው አለ።

“ሲስተር፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ።”

“ታዲያ ለምን ወንድሙ ነኝ አልከኝ?”

“ሐበሻ ስለሆንሽ።”

ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣች። የተቆጣች መሰለኝ፣ ወዲያው ደግሞ የከፋት መሰለኝ፤ የትኛው እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ባጇን አስነክታ በሩን ከፈተችልኝና ከኋላዬ ተከተለችኝ።

መጋረጃውን ገለጥኩት። ፊቱን ወደ በሩ እንዳዞረ እንቅልፍ መልሶ ወስዶታል።

“እስካሁን በሩን ሲያይ ነበር” አለችኝ።