ለአማቴ ያለቀሰው ሕንድ

ሕንዱ ሰርቪስ ቤታችንን ሲከራይ የተነጋገረው ከባለቤቴ ጋር ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሻንጣዎቹ ገብተው፣ እሱ በር ላይ ቆሞ ጣሪያውን ሲመረምር አገኘሁት። ኮሌጅ ሊያስተምር የመጣ፣ አርባውን ያለፈ፣ ቀጭን ሰው ነበር። ሰላም አልኩት። "ይኼ ቤት ዝናብ ያስገባል" አለኝ በእንግሊዝኛ። እንኳን ደህና መጣህ ሳልለው ወደ ቤት ገባሁ።

የእንጅባራ ዝናብና ብርድ እኔንም የዳንግላዋን ልጅ መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር፤ ስለዚህ ላዝንለት ይገባኝ ነበር። አላዘንኩለትም። በየቀኑ አንድ ቅሬታ አያጣም። ውሻው ይጮኻል፤ የቀርከሃው አጥር በነፋስ ይንጫጫል። ለፋሲካ በግ ስናርድ በሩን ዘግቶ ዋለ። ሲወጣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ ደሙ የፈሰሰበትን ቦታ በሩቁ ዞሮ አለፈ።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን አማቴ እሱን መውደዳቸው ነው። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከዘንገና መጥተው አብረውን ይኖሩ ነበር። አማርኛ ቢያውቁም ከአዊኛ ሌላ ማውራት አይወዱም፤ በተለይ ከእኔ ጋር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ግቢ ስንኖር አንድም ቀን ደግ ቃል አልወጣቸውም። ከሕንዱ ጋር ግን ጠዋት ፀሐይ ላይ በርጩማ ይዘው ይቀመጡና እሳቸው በአዊኛ፣ እሱ በአገሩ ቋንቋ ያወራሉ። አንዱ የሌላውን አንድ ቃል አይሰማም። አንዳንዴ እሱ ፊቱን አጣሞ አንድ ነገር ያሳያቸዋል፤ እሳቸው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይንፈቀፈቃሉ። እኔ ስጠጋ ሁለቱም ጸጥ ይላሉ።

እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንድ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች በረንዳዬ ላይ ሰብስቤ ሳስጠና በመስኮቱ ሰምቶኝ ወጣ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር በጣቱ እያሳየ፣

"ይኼ ስህተት ነው። ለልጆች የምታስተምሪው ይኼን ነው?" አለኝ።

ጠመኔውን ከእጄ ወስዶ አረመው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ ሳቀች። ገብቼ መጽሐፍ ሳገላብጥ እሱ ልክ ነበር። የባሰ ያንገበገበኝ ይኼው ነው።

በዚያው ሳምንት ከኮሌጁ የመጣለትን ደብዳቤ እንዳደርስለት ሰጡኝ። ፖስታው ላይ ሙሉ ስሙ ተጽፏል። ስሙን ስልኬ ላይ ጻፍኩት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አንድ ቪዲዮ ከፈተልኝ፤ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው። እሱ በወጣትነቱ የሀብታም ቤት አሽከር ሆኖ ይተውናል። ትሪ ተሸክሞ ይገባል፤ ጌታው በጥፊ ያጮለዋል፤ ዓይኑ ይንሸዋረራል፣ ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ይጎተታል፣ አገጩ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ከጀርባ የተቀዳ ሳቅ ይሰማል። ሌላውን ከፈትኩ፤ ያው ጥፊ፣ ያው ልቅሶ።

በነጋታው ቪዲዮውን ይዤ መምህራን ማረፊያ ክፍል ገባሁ። ሁሉም ላኪልኝ አሉ፤ ላክሁላቸው። ሳምንት ሳይሞላ ከተማውን አዳረሰው። የባጃጅ ሾፌሮች ሕንዱን ሲያዩ ዓይናቸውን ያንሸዋርራሉ። ክፍል ሲገባ ተማሪዎቹ የገዛ ጉንጫቸውን በጥፊ ይመታሉ ሲባል ሰማሁ። እሱ ጠዋት ኮቱን ቆልፎ ይወጣል፤ ከሰዓት አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። እኔ መስኮት ላይ ሆኜ አየው ነበር። ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም።

ክረምቱ እንደገባ አማቴ ታመው በአራተኛው ቀን ዐረፉ። ድንኳን ተጣለ፤ ከዘንገናም ከአዲስ ቅዳምም ዘመድ መጣ። በተቀበሩ ማግስት ሕንዱ ነጭ በነጭ ለብሶ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። በአገሩ የሐዘን ልብስ ነጭ መሆኑን ማን ያውቃል? ሰዉ እንደ ሠርገኛ አየው። ባለቤቴ አጠገብ ተቀምጦ ማልቀስ ጀመረ።

ከልቡ ነበር የሚያለቅሰው። ፊቱ ግን ያው የቪዲዮው ፊት ሆነ፤ ዓይኑም፣ ከንፈሩም፣ አገጩም። ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሰው ሳቁን ሊያፍን ሲታገል ቆይቶ አመለጠው። ሌላው ተከተለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣሉ። ከሩቅ የመጡት ዘመዶች ነገሩ አልገባቸውም፤ ሰዉን በድንጋጤ ያያሉ። እኔም ሳቅሁ። ባለቤቴ እያየኝ ሳቅሁ።

ሕንዱ ተነሥቶ ለባለቤቴ እጅ ነሣና ወጣ።

ሐዘንተኛው ሲበተን ወደ ሰርቪስ ቤቱ ሄድኩ። ዕቃውን እየሸከፈ ነበር። እንግሊዝኛ አንቺና እርስዎ አይለይም፤ ከድምፁ ግን አንቺ እያለኝ እንደሆነ አውቅ ነበር።

"ያንን የበተንሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

ሸሚዝ እያጠፈ፣ ሳልጠይቀው፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ ነገረኝ። አባቱ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበሩ። እሱ ቁም ነገር ያለው ቲያትር ሊሠራ ትልቅ ከተማ ገባ። ለአንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ክፍል ብቻ ብለው አሽከር አድርገው ቀጠሩት፤ ሰው ሳቀ፤ አሥራ አንድ ዓመት አሽከር ሆኖ ቀረ። ሌላ ቦታ ሥራ ሲጠይቅ፣ መጀመሪያ ያቺን ልቅሶ አሳየን ይሉታል። እናቱ ሲሞቱ በደንባቸው አስከሬኑ ላይ እሳት የሚለኩሰው እሱ ነበር። ችቦውን ይዞ ሲያለቅስ ለቀስተኛው ሳቀ፤ አጎቱ ሳይቀር።

"ሌላ የማለቅስበት ፊት የለኝም" አለኝ። "ፊቱ የኔ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ነው ከኔ የወሰደው።"

ከዚያ በኋላ ትወናውን ጥሎ እንደገና ተማረ፤ ማንም የማያውቀው አገር ሥራ ፈለገ። "ያንን ፊት ለአማትሽ ያሳየኋቸው ወድጄ ነው" አለ። "ለሌላ ሰው አላሳየሁም።"

ይቅርታ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው፦ "አንተም ልጆቹ ፊት አዋርደኸኛል።"

"ዓረፍተ ነገሩ ስህተት ነበር" አለ። "አሁን የተናገርሽውም ስህተት አለበት።" ሻንጣውን ዘግቶ ኮሌጁ አጠገብ ወደተከራየው ክፍል ሄደ።

ባለቤቴ ቪዲዮው ከማን እንደመጣ ከአንዱ መምህር ሰማ። "የእናቴን ለቅሶ መሳቂያ አደረግሽው" አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከምግብና ከቁልፍ ሌላ የተነጋገርነው የለም።

ለአርባው ባለቤቴ ራሱ ሄዶ ሕንዱን ጠራው። መጣ፤ ያንኑ ነጭ ልብስ ለብሷል። ያን ቀን የሳቀ የለም። እኔ ሥጋ እንደማይበላ አውቄ ሽሮና ድንች ለብቻ አዘጋጅቼ ሳህኑን ዘረጋሁለት። እጁን ከጉልበቱ ላይ አላነሣም። ቆሜ ጠበቅሁ፤ ቄሶቹም እያዩኝ ነው። ባለቤቴ ሳህኑን ከእጄ ተቀብሎ ሲያቀርብለት በላ፤ አመስግኖም ሄደ። አሁንም ገበያ መንገድ ላይ እንገናኛለን። እሱ መንገዱን ይሻገራል፤ እኔም አልጠራውም።