የልብስ ሰፊው ክር፣ ከኮሌጅ ፓርክ እስከ ባህሩ

ሱብሂ፣ ኮሌጅ ፓርክ

ገና አልነጋም። የምንኖረው ከኤርፖርቱ ጎን ስለሆነ የሚቀሰቅሰን አዛን ሳይሆን አውሮፕላን ነው። ሰግደን ስንወጣ ጭጋጉ መንገዱ ላይ ተኝቷል፤ ከጎረቤቶቻችን መኪኖች የሚታየው ጣሪያቸው ብቻ ነው። ከፒክአፓችን ኋላ ተጎታቿ ቤታችን ቆማለች፦ አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ ሁለት መስኮት፣ በሯ ላይ የቀድሞው ባለቤት የለጠፈው የዳክዬ ሥዕል። ልላጠው ስል ሁለት ጊዜ አሳዝኖኝ ተውኩት።

ባለቤቴ ሰዒድ ከመኪናው ኋላ ተንበርክኳል። ዲቪ ደርሶን ከመምጣታችን በፊት መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። እዚህ መጥቶ አሥራ ስምንት ዓመት የጭነት መኪና ነዳ። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ የዓይኑ ግፊት እይታውን ከዳር እየበላው እንደሆነ ነገረው። አሁን የሚያየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው መሃል መሃሉን ነው። መሪውን ለእኔ አስረክቧል፤ አንድ ሥራ ግን ከሰጠሁ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል፤ ሂቹን፣ ተጎታቿን ከመኪናው ማያያዙን።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ከመኪናው ሥር አራት ማዕዘን ቱቦ አለ። ተጎታቿን የሚስበው ብረት እዚያ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚይዛቸው ደግሞ የጣት ውፍረት ያለው ፒን ነው። ማረፊያ ቦታ ላይ ምሳ ስንበላ አንድ ክፉ ሰው ያንን ፒን ቢመዘው፣ አውራ ጎዳናው ላይ ቤትና መኪና ይለያያሉ። ስለዚህ የፒኑ ጫፍ ላይ ቁልፍ ይገጠማል፤ ሲይዝ ቀጭ ይላል። ሰዒድ ቁልፉ አልበቃ ብሎት በላዩ ላይ ጥቁር ክር ያስራል፤ ከአባቱ የተማረው የልብስ ሰፊ ቋጠሮ ነው። ሌባ ቁልፉን ከፍቶ መልሶ ቢገጥመው እንኳ ክሩን እንደነበረ ሊያስረው አይችልም ባይ ነው።

የምንሄደው ወደ ባህር ነው። ሰዒድ ሳቫና ወደብ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ቁጥሩን አያውቀውም፤ ባህሩን ግን አንድ ቀን አላየውም። ኮንቴይነሩን ይጭናል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። አንድ ቀን እራት እየበላን፣ «ዓይኔ ሳይዘጋ ልየው» አለ። ደግሞ አላነሳውም።

ልጃችን ሂክማ ኬኔሶ ነው የምትኖረው፤ ኢንጂነር ናት። ትናንት ደውላ፣ «ማሚ፣ አይም ሲሪየስ፣ አባዬ ሎክ ካደረገው በኋላ አንቺ ደብል ቼክ አድርጊው። የሆነ ነገር ከተፈጠረ ትሬለሩን እንሸጠዋለን፣ ኦኬ?» ብላኝ ነበር።

ሰዒድ የሻዩን ፔርሙስ ሊያመጣ ሲገባ እኔ ተንበረከክኩ። ቁልፉን ነካ ባደርገው እጄ ላይ ወጣ። አልያዘም ነበር። ሲገጥመው አውሮፕላን በላያችን እያለፈ ስለነበር ቀጭ ማለት አለማለቱን አልሰማም። ፒኑን ይዞ የቆመው ያ ጥቁር ክር ብቻ ነበር።

 ክሩን በጥሼ ቁልፉን ቀጭ እስኪል ገፋሁት። ከሰዒድ የክር ሳጥን ሌላ ጥቁር ክር መዝዤ እንደምንም አሰርኩና እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ። ፔርሙሱን ይዞ ሲወጣ ሞተሩን አስነሳሁ። ምን ልበለው?

ረፋድ፣ አውራ ጎዳና 75 ወደ ደቡብ

ጭጋጉ ከእኛ ጋር ይሄዳል። ጥድ፣ ጥድ፣ ደግሞ ጥድ። የጠበቃ ማስታወቂያ፣ የኮክ ማስታወቂያ፣ የኢየሱስ ማስታወቂያ። ጭነት መኪኖች በግራችን ሲያልፉን ተጎታቿ ትንሽ ትወዛወዝና ትመለሳለች። የምሄደው ቀስ ብዬ ነው፤ ሰዒድ የእያንዳንዱን መኪና ድምፅ ሰምቶ «ይሄ ባዶውን ነው» «ይሄ ከብዶታል» ይለኛል። በሕልም የምነዳ ነው የሚመስለኝ።

ሜከን ከተማ ሳንደርስ ነዳጅ ለመቅዳት ቆምን። ከማደያው ጎን አንዲት ሴትዮ በትልቅ ድስት የተቀቀለ ኦቾሎኒ ትሸጣለች። አንድ ከረጢት ገዝቼ እያቃጠለኝ ስመለስ ሰዒድ ከኋላ ተንበርክኳል።

«ዘሀራ፣ ነይ እስቲ።»

«ምነው?»

«ይሄ የኔ ቋጠሮ አይደለም።»

ጣቶቹ ክሩን ከወዲያ ወዲህ ያሹታል፤ ዓይኑ ወደ ማደያው ነው።

«ሰው ነክቶታል፤ ሻዩን ላመጣ ስገባ መሆን አለበት። አንቺ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ ነበርኩ።»

«እንመለስ። በማላምነው ሂች አንቺን አልወስድም።»

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ግን ሂክማ ትዝ አለችኝ፤ ባህሩ ትዝ አለኝ፤ ደግሞም ፈራሁ። አፌ ቀደመኝ።

«ያንተው ነው እኮ! ስታስረው አየሁ። ዓይኔ እያየ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ ጋር ቀስ አድርጎ አፋተገ።

«እንግዲያው ጣቴም ሄዷል» አለና መኪናው ውስጥ ገባ።

ቀትር፣ አውራ ጎዳና 16 ወደ ምሥራቅ

ከሜከን ወዲያ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ማለቂያ የለውም። ፀሐይ ወጥታ ጭጋጉን ነጭ አድርጋዋለች። የጥጥ ማሳ፣ ቀይ አፈር፣ ብቻዋን የቆመች ነጭ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሽቦ አጥር ማዶ ያልተንቀሳቀሱ ላሞች። ሌላ ቀን ቢሆን ይህንን ሁሉ እያየሁ እነግረው ነበር፤ እሱም እያሳሳቀ ይጨምርበት ነበር። ዛሬ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። የሰው ዕቃ ይመስል አያነሳቸውም።

«ሳምቡሳ ልስጥህ?»

«ይቆየኝ።»

«ኦቾሎኒውስ?»

«ዘሀራ፣ ይቆየኝ።»

ከዚህ ሰው ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። ዓይኑ ሲደክም አላለቀሰም፤ መንጃ ፈቃዱን ሲመልስ ቀልዶ ነው የመለሰው። «ጣቴ እስካለ ምንም አይለኝ» ሲል ነበር የከረመው። እኔ ደግሞ በአንዲት ቃል ያንን ቀማሁት። ሌባ ሌባ ስንል የከረምነው፣ ሌባዋ ከጎኑ ተቀምጣ ትነዳለች። ራሴን ጠላሁት።

የማረፊያውን ምልክት ሳይ ሳላስበው ታጠፍኩ። ፓርክ አደረግኩና ሞተሩን አጠፋሁ።

«ሰዒድ፣ ቋጠሮው የኔ ነው።»

ዞር አለ። ፊቴን ለማግኘት ትንሽ ፈለገ።

«ጠዋት ቁልፉን ብነካው አልያዘም ነበር። ክሩን በጥሼ ቆለፍኩት። ከዚያ አሰርኩት። ስትጠይቀኝ ዋሸሁህ።»

«አልያዘም ነበር?»

«እጄ ላይ ወጣ። አውሮፕላን እያለፈ ስለነበር አልሰማህም።»

«አትሸንግዪኝ።»

«ወላሂ እያለፈ ነበር።»

 አንድ ቤተሰብ ውሻውን ይዞ በፊታችን አለፈ። ከዚያ ሳላስበው መሳቅ ጀመረ፤ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ማደያው ላይ ስነካው ምን አልኩ መሰለሽ? ‹ይህ ሰውዬ ልብስ ሰፍቶ አያውቅም› ነው ያልኩት።»

«ሰውዬው እኔ ነኛ።»

«ጣቴ አልዋሸኝም እንግዲህ» አለና እጆቹን አንስቶ አያቸው። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ሁለተኛ ግን ዓይኔ አየ ብለሽ አታታልዪኝ። ዓይን ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺ ካታለልሽኝ በምን ላጣራ?»

 ይቅርታ አልኩት፤ ከልቤ ነው። ቆይቶ፣ «ሳምቡሳውን አምጪ» አለኝ።

ማረፊያው ውስጥ ከአንድ የኦክ ዛፍ ሥር የእንጨት ጠረጴዛ አለ። ሳምቡሳውን በልተን ሻዩን ጠጣንና የክር ሳጥኑን ከፈተ። እጄን በእጁ ይዞ ቋጠሮውን አሳየኝ፦ ሁለት ጊዜ ዙሪያውን፣ አንዴ በሥሩ፣ ከዚያ በምራቅ እርጥብ አድርጎ መሳብ። በሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጣቶቼ ወፍራምና ግትር ናቸው። አምስት ጊዜ ፈታብኝ፣ አምስት ጊዜ አሰርኩ። የሸረሪት ድር ነፋሱ እያወዛወዘው ዛፉ ላይ ያበራል። የመኪኖቹ ድምፅ ሁሉ ሩቅ ሆነ። እዚያው ብንቀር ግድ አልነበረኝም።

አሥር ሰዓት ሊቃረብ፣ ባህሩ ዳር

ከሳቫና ወዲያ አገሩ ይለወጣል። መሬቱና ውኃው አይለዩም፤ ቢጫ ሳር ውኃ ውስጥ ቆሟል፣ ነጭ ወፎች በአንድ እግራቸው ቆመዋል፣ ድልድዩ በዚያ ሁሉ መሃል ያሳልፈናል። መስኮቱን ከፈትኩለት። የጨው ሽታ ሲገባ ሰዒድ ቀና አለ።

ተጎታቾች በሚያድሩበት ካምፕ ውስጥ የምንቆየው አንድ ሌሊት ስለሆነ ተጎታቿን ከመኪናው አልፈታናትም። ቁልፉን ፈትሼ፣ ቀጭ ማለቱን ሰምቼ፣ ክሩን እንዳስተማረኝ አሰርኩ። ቀና ስል የሰዒድ ስልክ ጮኸ፤ ሂክማ ናት። ስፒከር ላይ አደረገው።

«አባዬ፣ ደረሳችሁ? ኦ ማይ ጋድ፣ ስጨነቅ ነበር! ሂቹን ቼክ አደረግከው?»

«እናትሽ አስራዋለች።»

«ኖ፣ አንተ ማለቴ ነው። አንተስ?»

«እናትሽ አስራዋለች አልኩሽ እኮ» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ወደ ባህሩ ለመሄድ በመኪናውና በተጎታቿ መካከል ባለው ብረት አጠገብ ማለፍ ነበረብን። እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ጎንበስ ይላል። አሁን አላለም፤ ክንዴን ይዞ ቀጥ ብሎ አለፈ።

የአሸዋውን ጉብታ ስንወጣ ነፋሱ ሻርፔን ወሰደብኝ። ባህሩ ግራጫ ነበር፣ ሰማዩም ግራጫ። ሰዒድ ቆመ። ራሱን ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ፣ እንደገና ወደ ግራ። ረጅም ጊዜ ቆየ።

«ዳሩ አይታየኝም» አለኝ።

አየሁለት፤ እስከቻልኩት ድረስ አየሁ።

«እኔም አይታየኝም» አልኩት። እውነቴን ነበር።